ሜጋዋት እንጀራ አይጋግርም

የኃይል ሥርዓት ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ጫፍ ግድቡ፣ ተርባይኑና የነፋስ ምሰሶው ይቆማሉ፤ በሌላው ጫፍ ምጣዱ፣ አምፖሉና የወፍጮ ቤቱ ሞተር። በኢትዮጵያ ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ ግን ወሬው ከመጀመሪያው ጫፍ እምብዛም አያልፍም። ስንት ሜጋዋት ተገነባ? ስንት ሊጨመር ታቀደ? ግድቡ ከአፍሪካ ስንተኛ ነው? ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘርፉ አደገ ይባላል፣ ዝቅ ካለ ወደ ኋላ ቀረ ይባላል፤ መለኪያው ራሱ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ አመለካከት ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን አይከራከሩም። የውሃ ተርባይን ከሚደርሰው የውሃ ጉልበት 90 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ የናፍጣ ጄኔሬተር ግን ከሚጠጣው ነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ዝናብ አይገዛም። በወጉ የተያዘ ግድብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ጭስም የለውም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ መስመር ኃይል ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ የሚመጣ ስለሆነ፣ በካርቦን ልቀት ረገድ ብዙ ባለጸጋ አገሮች ገና የሚመኙት ደረጃ ላይ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ ግን "እንግዲያው ኃይሉ ርካሽ፣ ንጹሕና ብቁ ነው፤ ዋናው ማመንጨቱ ነው፣ ሌላው ራሱ ይደርሳል" የሚል ነው።

ሌላው ግን ራሱ አልደረሰም። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ከ80 ዓመት በላይ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ቆቃ፣ ጢስ ዓባይ፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜና ጣና በለስ ተከታትለው ተሠሩ፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ግን አሁንም እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ገለባ ነው። ንጹሕ ማብሰያ ያለው ቤተሰብ ከአሥር አንድ አይሞላም። መብራት ገብቶለታል ተብሎ የሚቆጠረው ቤት እንኳ ብዙውን ጊዜ አምፖሉን በመስመር ያበራል፣ ወጡን በከሰል ይሠራል። ሰማንያ ዓመት ተጠብቆ ያልደረሰ ነገር እስከ መቼ "ይደርሳል" ይባላል?

የስህተቱ አንድ ሥር በመለኪያው ውስጥ ነው። ሜጋዋት የሚለካው በአንድ ቅጽበት ምን ያህል ኃይል ሊወጣ እንደሚችል ነው፤ በዓመት ስንት እንደሚገኝ አይናገርም። የቧንቧው ስፋት ሮቶው ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ ይናገራል? የህዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች በአንድነት 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ በዓመት ይሰጣሉ ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ቢዞሩ ኖሮ ወደ 45,000 ይጠጋ ነበር። በሌላ አነጋገር ግድቡ በአማካይ የሚሠራው በአቅሙ 35 በመቶ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የዓባይ ውሃ በክረምት ሞልቶ በበጋ ስለሚቀንስ፣ ተርባይኖቹም ፍላጎት በሚበዛበት ሰዓት ጠንክረው እንዲሠሩ ስለሚፈለግ ነው። ነውሩ 100 ሜጋዋት የእንፋሎት ኃይልንና 100 ሜጋዋት የውሃ ኃይልን በአንድ ሚዛን ላይ እኩል አድርጎ ማስቀመጡ ነው። ከከርሰ ምድር የሚወጣ እንፋሎት ወቅት አያውቅም፤ በደንብ የተያዘ ጣቢያ ቀንና ሌሊት በአቅሙ 90 በመቶ ሊሠራ ይችላል። በዚህ ሒሳብ 100 ሜጋዋት የእንፋሎት ኃይል ከ250 ሜጋዋት ግድብ ጋር ይተካከላል። የአሉቶ ላንጋኖ 7.3 ሜጋዋት የእንፋሎት ጣቢያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተተክሎ ብዙውን ጊዜ በብልሽት ማሳለፉ ለስምጥ ሸለቆው ሀብት የተሰጠውን ግምት ያሳያል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አላጓጓም።

ብቃትም በተመሳሳይ መንገድ ይምታታል። "የውሃ ተርባይን 90 በመቶ፣ የፀሐይ ሰሌዳ 20 በመቶ፤ ስለዚህ የፀሐይ ሰሌዳ ደካማ ነው" የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይሰማል። ሰሌዳው ላይ ወድቆ ያልተጠቀመበት የፀሐይ ብርሃን ግን ማንም አልከፈለበትም፤ ባይያዝም ያው ጣሪያ ያሞቅ ነበር። ብቃት ትርጉም የሚኖረው የሚባክነው ነገር ዋጋ ሲያስከፍል ነው፤ ብር ሲሆን፣ ደን ሲሆን፣ የሰው ጀርባ ሲሆን። ከመስመር ርቆ ባለ መንደር ደካማ የሚባለው ሰሌዳ የሚተካው ተርባይን ሳይሆን ኩራዝ ነው። ኩራዝ ለምታወጣት ጭላንጭል የምታቃጥለው ጋዝ ከኤልኢዲ አምፖል ጋር ሲመዛዘን ልዩነቱ በሺህ እጥፍ የሚቆጠር ነው።

ዋጋ የሚያስከፍለው ብክነት የት እንዳለ ለማየት አንድ ኪሎ ከሰል መከተል ይበቃል። ከሰል አክሳዩ ጫካ ውስጥ እንጨቱን ከምሮ፣ በቅጠልና በአፈር ደፍኖ፣ ለቀናት ያጤሰዋል። በዚህ ባህላዊ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ሰባት ኪሎ ያህል እንጨት ይነዳል። ሰባት ኪሎ ደረቅ እንጨት ውስጥ ያለው ሙቀት በኤሌክትሪክ ቋንቋ ሲነገር 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሰሉ ውስጥ የሚተርፈው ስምንት ነው። የቀረው ጭስ ሆኖ ጫካው ውስጥ ቀርቷል። ከሰሉ በጆንያ ተጭኖ፣ ኬላ አልፎ፣ ጉሊት ደርሶ፣ ተራ ምድጃ ላይ ሲነድ ወደ ድስቱ የሚገባው ከስምንቱ ሁለት ያህል ነው። ከዛፉ እስከ ወጡ የተጓዘው ሠላሳ፣ የደረሰው ሁለት። ከመቶ ሰባት አይሞላም።

በሌላ ወገን ከግድብ የተነሳ ኤሌክትሪክ ተርባይኑ ላይ አሥር በመቶ፣ በመስመርና በትራንስፎርመር ላይ ሃያ በመቶ አካባቢ፣ ምድጃው ላይ ሩብ ያህል ቢያጣ እንኳ ከግማሽ በላዩ ድስቱ ጋ ይደርሳል። ሰባት ከመቶና ሃምሳ ከመቶ የቱ ጋ ይገናኛሉ? የአገሪቱ ታላቅ የኃይል ብክነት ተርባይን ክፍል ውስጥ የለም፤ ከሰል ማክሰያው ጉድጓድ ውስጥና በሦስት ጉልቻ መካከል ነው። ይሁን እንጂ የተርባይን ብቃት በአንድ ነጥብ ቢሻሻል ዜና ይሆናል፤ አንድ መንደር ከሰል መተዉ ዜና አይሆንም።

"ከሰል ግን ይረክሳል" የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህን የሚሉት ባለሥልጣናት ብቻ ሳይሆኑ ሙሉ ሰፈሮች ናቸው። ሒሳቡ ግን አጭር ነው። ከአንድ ኪሎ ከሰል ወደ ድስቱ የሚገባውን ሙቀት ለማግኘት ለኤሌክትሪክ ምድጃ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። በወሩ ቢል ላይ የሦስት ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስንት ነው? ጉሊት ላይ አንድ ኪሎ ከሰል ስንት ይሸጣል? ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከሰል ይረክሳል የሚለውን ደግሞ አይናገረውም። ያም ሆኖ ሰዉ ከሰል የሚገዛው ሒሳብ ስላልቻለ አይደለም። ከሰል በትንንሽ ፌስታል ይሸጣል፤ ምድጃው ባዶ ቢሆን ከጎረቤት ይበደራሉ። ለኤሌክትሪክ ግን በቅድሚያ የቆጣሪ ማስገቢያ፣ የገመድ፣ የምጣድና የምድጃ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተከፍሎም መብራት ሲሄድ ጓዳ ጥግ የተቀመጠች ከሰል ትወጣለች። አስተማማኝ ባልሆነ መስመር ላይ ያለ ቤት ለሁለት ሥርዓት ይከፍላል፤ የዚያች የጓዳ ከሰል ዋጋ በየትኛውም የኤሌክትሪክ ወጪ ጥናት ውስጥ አይገባም።

ጉዳዩ ከምጣድ አጠገብ ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። ተራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ኪሎዋት ይስባል። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ እስኪግል ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ በማሰሻ ተወልውሎ፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሐል ዞሮ፣ አክንባሎው ይደፋል። መስመሩ ደህና ከሆነ እንጀራው ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ዓይኑን አውጥቶ ይነሳል። ሠላሳ ያህል እንጀራ በአንድ ሰዓት ተኩል ተጋግሮ ያልቃል፤ የሚወስደው ኃይል አምስት ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ምሽት ላይ ግን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ይሰቀልና 220 መሆን የሚገባው ቮልት ወደ 180 ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን በሲሶ ይቀንሳል፣ ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወርድ። ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሲነሳ ይቀደዳል። ጋጋሪዋ ሊጡን ይዛ ወደ እንጨት ምድጃ ትመለሳለች። በዚያች ሰዓት የህዳሴ ግድብ ባለበት ጉባ ላይ ተርባይን ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ምንም ለውጥ የለውም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ ይነሳል፦ "ሁሉም በኤሌክትሪክ ቢጋግር መስመሩ ይቃጠላል፤ ኃይሉም አይበቃም።" ሁለቱ አባባሎች መለየት አለባቸው። አንድ ቤት በሁለት ሳምንት አምስት ጊዜ ቢጋግር በዓመት 650 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። አሥር ሚሊዮን ቤት እንዲሁ ቢያደርግ 6,500 ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመስመር የሚጠፋው ሲታከልበት ወደ 8,000 ይደርሳል። ይህ ከህዳሴ ግድብ ብቻ ከሚጠበቀው የዓመት ምርት ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ኃይሉ አይበቃም የሚለው ስህተት ነው። መስመሩ ይቃጠላል የሚለው ግን ልክ ነው፤ ልክ መሆኑም ለማመንጨት ብቻ ሲመደብ በኖረው ገንዘብ ላይ ክስ ነው። መቶ ምጣድ አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ አንዴ ከተሰኩ ከ350 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋሉ። ደግነቱ እንጀራ እንደ መብራት አይደለም፤ ጨለማ እስኪሆን አይጠብቅም። ጠዋትም፣ ከሰዓትም፣ ሌሊትም ይጋገራል፣ ተጋግሮም ቀናት ይቆያል። የሌሊት ዋጋ ቢቀንስ፣ ቆጣሪውም ሰዓቱን ለይቶ ቢቆጥር፣ ጭነቱ ራሱን ያሰራጫል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ትራንስፎርመር፣ ወፈር ያለ ገመድ፣ ምሰሶና ቆጣሪ ናቸው። አንዳቸውም ሪባን አይቆረጥላቸውም።

ቁጠባም ራሱን የቻለ ማመንጫ መሆኑ ይዘነጋል። ባለ 60 ዋቱ አሮጌ አምፖል በ11 ዋት ቆጣቢ አምፖል ሲተካ 49 ዋት ይተርፋል። አንድ ሚሊዮን እንዲህ ያሉ አምፖሎች አመሻሽ ላይ አብረው ሲበሩ የሚተርፈው 49 ሜጋዋት ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ በሙሉ አቅሙ 43 ሜጋዋት ነው። አንድ ሚሊዮን አምፖል ከአንድ ግድብ በለጠ ማለት ነው፤ የሚተኛበት መሬት የለ፣ የሚነሳ ገበሬ የለ። ከሲሚንቶ የሚቀረጸው ምርት ምድጃም የእንጀራን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ላቀች ምድጃ ከሰሉን ሩብ ያህል ትቆጥባለች። መስመር ለማይደርስበት ቤት ከዚህ የረከሰ "ማመንጫ" የለም።

"ውሃው በነፃ ነው" የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የተደጋገመ፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስት ነው። ውሃው በነፃ ነው፤ ሲሚንቶው፣ ብረቱና ጊዜው ግን በነፃ አይደሉም። የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር፤ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል የሰጠው የካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገንዘቡ ሲወጣ እንጂ ሲመለስ አልታየም። በደመወዛቸው ቦንድ የገዙ መምህራንና ገበሬዎች የከፈሉት እውነተኛ ካፒታል ነው፤ ጊዜም ወለድ አለው። የግድብ ወጪ እንደ ናፍጣ በየዕለቱ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ይከፈላል፤ ስለዚህም ነው ከተመረቀ በኋላ በነፃ የሚሠራ የሚመስለው። በተቃራኒው የነፋስ ወይም የፀሐይ ጣቢያ በአንድ በሁለት ዓመት ተተክሎ ሥራ ይጀምራል። ይህ ማለት ግድብ አያዋጣም ማለት አይደለም፤ የሁለቱ ወጪ የሚወዳደረው በሜጋዋት ዋጋ ሳይሆን በዕድሜ ዘመናቸው በሚሰጡት በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት፣ ወለዱና መዘግየቱ ተቆጥሮ ነው ማለት ነው።

ነዳጅ አይገዛም የሚባለው ግድብ ነዳጁ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሆን አገሪቱ ታውቀዋለች። በ1995 ዓ.ም. እና በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ሲጎድሉ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ፋብሪካ ቆመ፣ የየሱቁ ጄኔሬተር ናፍጣ ጠጣ። የኢትዮጵያ ነፋስ ጠንክሮ የሚነፍሰው በበጋ፣ ወንዞች በሚደክሙበት ወቅት ነው። አዳማና አሸጎዳ ያሉት የነፋስ ጣቢያዎች እውነተኛ ዋጋ የሚታየው እዚህ ነው፤ በጋ ላይ የሚሰጡት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ግድቡ ውስጥ የሚቀር ውሃ ነው። በሜጋዋት ሠንጠረዥ ላይ ግን ትንንሽ ቁጥሮች ሆነው ከታች ይጻፋሉ።

ንጽሕናስ? የውሃ ኃይል ጭስ የለውም፤ ዕዳ ግን አለው። የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የኦሞ ወንዝ ዓመታዊ ሙላት ቀርቷል። ያ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች የከፈሉት ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ታሪፉ ውስጥ የለም። ቱርካና ሐይቅ ከሚገባበት ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ነው። ይህን መናገር ግድቡን መርገም አይደለም፤ ሒሳቡን መሙላት ነው።

ትልቁ የአካባቢ ጥፋት ግን ከግድብ አይመጣም፤ ከምድጃ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት አልቆ ዋና ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ተቃርባ ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ አተረፋት። ከዚያ በኋላ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲተካ ከእንጦጦ ቁልቁል የእንጨት ሸክም ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ ሴቶች ከከተማዋ መለያዎች አንዱ ሆነዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። እንጨት "ታዳሽ ኃይል" ተብሎ በስታቲስቲክስ ውስጥ ከፀሐይ ጎን መጻፉ ከቀልድ የሚቆጠር ነው፤ ከሚበቅለው በላይ የሚቆረጥ ዛፍ ምኑ ይታደሳል?

ምድጃውና ግድቡ ደግሞ የተለያዩ ዓለማት አይደሉም። ከተራቆተ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ወንዙም ግድብ ውስጥ ይጥለዋል። ለመሸርሸሩ እርሻው ቀዳሚ ተጠያቂ ቢሆንም መጥረቢያውም ድርሻ አለው። አባ ሳሙኤል በደለልና በቆሻሻ ታፍኖ ለአሥርት ዓመታት ከሥራ ውጭ ሆኖ የተመለሰው በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ታድሶ ነው፤ ቆቃም ውሃ የሚይዝበትን ሰፊ ቦታ ለደለል ለቋል። የተራራ ዛፍ እየተቆረጠ እንጀራ የሚጋገርበት አገር ግድቡን በገዛ ምድጃው እየሞላው ነው።

ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። የቢትኮይን ማዕከላትም በዶላር ይከፍላሉ። ነገር ግን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ድንበር ተሻግሮ የሚያስገኘው ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ያችው ኪሎዋት ሰዓት አንድ ምድጃ ላይ ከሰል ብትተካ ከሁለት ኪሎ በላይ እንጨት ከመቆረጥ ታድናለች። የቱ ይበልጣል የሚለው በተራ ሒሳብ የሚመለስ ነው፤ ሒሳቡ የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገኖች ወረቀቱ ላይ ሲጻፉ ነው።

የኃይል ዘርፍ ዓመታዊ ሪፖርት በመጀመሪያው ገጹ ላይ ሊያሰፍራቸው የሚገቡ ቁጥሮች ሦስት ናቸው፦ በዚያ ዓመት ስንት ቤት ከሦስት ጉልቻ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ተሻገረ፣ በአማካይ ቤት ውስጥ መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ምሽት ላይ ስንት ሰፈር ከ200 ቮልት በላይ አገኘ። ሜጋዋቱ ከእነዚህ በኋላ፣ በአባሪ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱ እስካልተጻፉ ድረስ ሪፖርቱ የሚናገረው ስለ ኮንክሪት እንጂ ስለ ኃይል አይደለም።